ራዲዮ የተባለው ፀጉር አስተካካይ

የሰፈሩ ሰው ፀጉር አስተካካዩን «ራዲዮ» የሚለው በከንቱ አልነበረም። አንድ ራስ እስኪያስተካክል የሦስት ቤት ወሬ ያደርሳል። ፀጉራቸው ሳያድግ ለወሬው ብቻ የሚመጡ ደንበኞችም ነበሩት።

መንጋጋው ላይ ካንሰር ወጥቶ ግማሹ አጥንት ከተቆረጠ በኋላ ግን ራዲዮው ተዘጋ። ቢናገር ይኮላተፋል፤ ምራቁም ሳያውቀው ይወርዳል። ሱቁን ቆልፎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ያዘ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእሱ ግን በአራት ወር ነቀዘ። ሐኪሞቹ በሽታው ጠፍቷል ቢሉም፣ ሚስቱ ባሏን በቁሙ ልታጣው እንደሆነ ገብቷታል። ሐሙስ ሐሙስ ሆስፒታል ውስጥ ወደሚሰበሰበው የሕሙማን ቡድን እየጎተተች የወሰደችው እሷ ናት።

የቡድኑ አማካሪ እንዴት ሰነበትክ ስትለው ወለሉን አየ። በሦስተኛው ሐሙስም ያው ነው። ያን ዕለት ከጎኑ የተቀመጠው፣ ማንቁርቱ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ በአንገቱ ቀዳዳ የሚተነፍስ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ደብተሩ ላይ ጽፎ አሳየው፦ «ጺሜን የሚላጨኝ አጣሁ። ቀዳዳውን ሲያዩ እጃቸው ይንቀጠቀጣል።»

በሳምንቱ ራዲዮ ፎጣና አዲስ ምላጭ ይዞ መጣ። አማካሪዋ መስኮቱ ሥር ወንበር አስጠጋችለት።

ራዲዮ አንድ ነገር ያውቃል፤ የቀዶ ሕክምና ቢላዋ ያረፈበት ቆዳ ይደነዝዛል። ሠላሳ ዓመት ሰው የላጨው እሱ ራሱ፣ ከሆስፒታል በወጣ ሰሞን ጺሙን ሲላጭ የገዛ አንገቱን ቆርጦ፣ ደሙ ሸሚዙን እስኪያርሰው አልታወቀውም ነበር። ስለዚህ ምላጩን ከማሳረፉ በፊት በጣቱ እየነካ መጠየቅ አለበት። በምልክት እንዳይጠይቅ፣ ሹፌሩ አንጋጦ የሚያየው ጣሪያውን ነው።

«እዚህ ጋ ይታወቅሃል?» አለ ራዲዮ። ቃሉ ተኮላተፈ፤ ምራቁም ወረደ። ሹፌሩ አይታወቀኝም ሲል እጁን አወዛወዘ።

«እዚህስ?»

ሃያ ጊዜ ያህል ጠየቀ። የሳቀ አልነበረም። ሹፌሩ ጺሙን ተላጭቶ ሲነሣ ሁለት ሰዎች ወረፋ ይዘው ነበር።

ሰኞ ሱቁን ከፈተ። መጀመሪያ የገባው የማያውቀው መንገደኛ ነው። በመስታወቱ ውስጥ ትክ ብሎ አየውና «ወንድሜ፣ ፊትህን ምን ሆነህ ነው?» አለ። በር ላይ የቆመችው የራዲዮ ሚስት አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባች።

ራዲዮ አፉን በመሐረብ ጠረገና ፎጣውን የደንበኛው አንገት ላይ አሰረለት።

«ተመቻችተህ ተቀመጥ፤ ወሬው ረጅም ነው» አለው።