ጋሽ ቶለሳ አፋቸውን የሸፈኑበት ምሽት

ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከእናቴ ጋር የካ አባዶ፣ በአንዲት ጠባብ ኮንዶሚኒየም ቤት እንኖር ነበር። አባት አልነበረኝም። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር፣ አመሻሽ ላይ የብሎካችን ልጆች ጥበቃው ጋሽ ቶለሳ ዘንድ እንሰበሰባለን። ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊት እዚያው መሬት ላይ ጤፍ ያርሱ የነበሩ ሰው ናቸው። ከሰል አያይዘው፣ ፋኖሳቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ተረት ይነግሩናል። እኔ ሁልጊዜ ፊት ለፊታቸው፣ ጭሱ በሚነፍስበት በኩል እቀመጥ ነበር። ዓይኔ ያነባል፤ ግን አልነሳም።

የሚያውቀኝ ሁሉ እልኸኛ ይለኝ ነበር። ስጠራ አልዞርም። ክፍል ውስጥ «ጻፉ» ሲባል የጎረቤቴን ደብተር አያለሁ። አስተማሪዬ ገርፈውኛል፤ እናቴም ገርፋኛለች። በዚያ ሰሞን እናቴን አስጠርተው፣ በዚሁ ከቀጠልኩ ከትምህርት ቤቱ እንደምባረር ነገሯት።

አንድ ምሽት ጋሽ ቶለሳ የአህያ ቆዳ ለብሶ ሠርግ ስለሄደ ጅብ ሲያወሩ፣ በርዷቸው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔ አልሳቅሁም። ሽማግሌው ትኩር ብለው አዩኝ። ጋቢውን ዝቅ አድርገው ያንኑ ደገሙት፤ ሳቅሁ። መልሰው ሸፍነው ቀጠሉ፤ ዝም አልኩ። «ድፍን!» አለኝ አንዱ ልጅ። ይህን ቃል ግን ከከንፈሩ ላይ አይቼዋለሁ።

ተረቱን አቋርጠው ተነሡና በራችንን አንኳኩ። የተባባሉትን እናቴ የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

«አስካለ፣ ይሄ ልጅ አይሰማም።»

«ኧረ ጋሽ ቶለሳ፣ እርስዎ ደግሞ! ብስኩት ሲባል ይሰማ የለም እንዴ? ሲፈልግማ ይሰማል።»

«ሲፈልግ አይደለም ልጄ፣ ሲያይ ነው። ዱላውን ተይና አስመርምሪው።»

ወሎ ሰፈር አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ወሰደችኝ። መርማሪዋ ወጣት ሴት ነበረች። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጋ፣ የእንጨት ኩቦች ሰጠችኝና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አንዱን ቆርቆሮ ውስጥ እንድጥል አሳየችኝ። እኔ ጣቷን እያየሁ፣ የመመርመሪያውን ቁልፍ ስትነካ እጥል ነበር። ገባት። ወንበሬን ወደ ግድግዳው አዞረችው። ያኔ ፈራሁ። ካልጣልኩ የምገረፍ መስሎኝ፣ ምንም ሳልሰማ ኩቦቹን በላይ በላዩ ጣልኳቸው።

ማዳመጫውን አወለቀችና ፊቴ ቁጢጥ አለች።

«ካልሰማህ አትጣል። አለመስማት ጥፋት አይደለም፣ እሺ?»

እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። እንደገና ጀመርን። አንዱን ኩብ በእጄ ጨብጬ ጠበቅሁ። ብዙ ጠበቅሁ። ዞር ስል እናቴ እያለቀሰች ነበር።

የውጤቱን ወረቀት በማግስቱ ለአስተማሪዬ ሰጠቻቸው። አላባረሩኝም፤ የፊት ወንበር ሰጡኝ። የመስሚያ መሣሪያውን ያገኘሁት ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ጋሽ ቶለሳ ዛሬ በሕይወት የሉም። በጊዜው አላመሰገንኳቸውም፤ ያደረጉልኝ ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ገና ልጅ ነበርኩ። አሁን አውቃለሁ።

እናቴ ስለ ዱላው ይቅርታ ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ከኋላዬ ሆና ጠርታኝ አታውቅም። የያዘችውን ትታ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጥታ ፊቴ ትቆማለች፤ እስካያት ትጠብቃለች፤ ከዚያ ስሜን ትጠራለች።