እጃቸው ላይ የሚቀመጡት አስጠኚ

ጋሼ ቆጣሪ ሲያስጠኑ እጃቸው ላይ ይቀመጣሉ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ወንበሩ ላይ ቁጭ ይሉና ሁለት እጆቻቸውን ከጭኖቻቸው ሥር ይከቷቸዋል፤ ጥናቱ እስኪያልቅ አያወጧቸውም። አፍንጫቸውን ሲበላቸው እንኳ ትከሻቸው ላይ ነው የሚያሹት። መጀመሪያ ቀን ሳያቸው «ይሄ ሰውዬ በርዶት ነው ወይስ ትንሽ ነካ ያደርገዋል?» ብዬ ነበር በሆዴ።

በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ቀን ቀን በየቤቱ እየዞሩ የውሃ ቆጣሪ ያነባሉ፤ በዚያው ሰፈሩ «ጋሼ ቆጣሪ» ብሎ አስቀራቸው። አሥር ተኩል ላይ ሥራቸውን ሲጨርሱ የጉልበታቸውን አቧራ አራግፈው ልጅ ያስጠናሉ። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን ናቸው፤ የሸሚዛቸው የደረት ኪስ ሁልጊዜ በሆነ ነገር ያበጠ ነው። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ የሰው ኪስ ማየት አመሌ ነው።

ልጄን ለእሳቸው የሰጠኋት ጨንቆኝ ነው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ሰባተኛ ክፍልን እየደገመች ነበር። ርዕሰ መምህሩ አስጠርተውኝ፣ ዘንድሮም በሒሳብ ከሃምሳ በታች ካመጣች ትምህርት ቤቱ እንደማያቆያት ቁርጡን ነገሩኝ። ቤት ገብቼ ስነግራት አላለቀሰችም። «እማዬ፣ አትልፊ» አለችኝ። «እኔ እኮ ደነዝ ነኝ። ከአንቺ ጋር ቁልፍ እየተከልኩ እኖራለሁ።» የጫማ ቁጥሯን የምትነግረኝ ያህል ነው የተናገረችው። አንጀቴን በላችው።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። በመንገድ በኩል ያለችው ሱቄም ሳሎናችንም ናት። የመቁረጫ ጠረጴዛዬን ግማሽ ጨርቅ ይይዘዋል፤ ግማሹን ለጥናቱ ለቀቅሁላቸው። ስለዚህ የስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ የሚባለውን ሁሉ እሰማለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ደብተር ከመገለጡ በፊት ላጲሷን ጠየቋት። ተቀበሏትና ኪሳቸው ውስጥ ጨመሩት።

«ከዛሬ ጀምሮ ማጥፋት የለም» አሏት። «ስትሳሳቺ አንድ መስመር ታሰምሪበትና ከሥሩ እንደገና ትሠሪያለሽ። የተሳሳተው እንዳለ ይቀመጥ። ለእኔ የሚጠቅመኝ እሱ ነው።»

ከዚያ እጃቸው ላይ ተቀመጡ።

ልጄ ትሠራለች፤ ትሳሳታለች። እሳቸው «ልክ ነሽ»ም አይሉ፣ «ተሳስተሻል»ም አይሉ። «እሺ፣ እንዴት አሰብሽው?» ይላሉ። ስትሳሳት እንዴት አሰብሽው፣ ልክ ስትሆን እንዴት አሰብሽው፣ ሌላ ነገር ከአፋቸው አይወጣም። እሷ ዝም ስትል እሳቸውም ዝም። እኔን የሚገድለኝ ያ ዝምታ ነው። እግሬ የመኪናውን ፔዳል ትቶ መሬቱን መደብደብ ይጀምራል። አንድ ቀን አላስችል አለኝና «ጋሼ፣ ለምን አይነግሯትም? የሚያውቁትን ምን ያስጠይቅዎታል?» አልኩ።

«እየመጣች ነው፣ እህቴ» አሉኝ፤ ዞር ብለውም አላዩኝ።

ቁጣዬ የገለባ እሳት ነው፤ ቦግ ይልና ይጠፋል፤ እስኪጠፋ ግን ያቃጥላል። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ላይ ደብተሯን አንስቼ ገለጥኩት። ሰማንያ ገጽ ሙሉ ስህተት። ስህተት፣ መስመር፤ ከሥሩ ሌላ ስህተት፣ ሌላ መስመር። የጎረቤቴን ልጅ የሚያስጠናት ወጣት ግን ክራቫት አስሮ ነው የሚመጣው፤ የልጅቷ ደብተር ላይ አንድ ስርዝ አይገኝም። ደሜ ፈላ። በማግስቱ ጋሼ ቆጣሪ ገና ከበሩ ሲገቡ «ለልፋትዎ አመሰግናለሁ፤ ከዛሬ በኋላ ግን ይብቃን» አልኳቸው።

አልተከራከሩኝም። ከኪሳቸው ላጲሱን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ፣ ልጄ ፊት አስቀመጡት።

«ደብተሩን ብቻ እንዳትጥይው» አሉኝና ወጡ።

አልጣልኩትም፤ ያደረግኩት ግን ከመጣል አይሻልም። ለኪስና ለኮሌታ ልክ የማወጣበት ወረቀት አልቆብኝ ነበር። የደብተሩን ቅጠል እየገነጠልኩ አንዱን በኪስ ቅርፅ፣ አንዱን በኮሌታ ቅርፅ በመቀስ ቆረጥኩት። ጨርቅ ላይ አስቀምጬ በጠመኔ ዙሪያውን አሰምርበታለሁ። ሲያልቅ ከሌሎቹ ጋር የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል።

በጋሼ ቆጣሪ ፋንታ የቀጠርኩት ባለ ክራቫቱ ወጣት ክፉ ሰው አልነበረም። እንዲያውም በጣም የሚያዝን ልጅ ነው፤ ልጄ ግንባሯን ከቋጠረች አይችልም፤ «አምጪ እስቲ» ይልና እርሳሷን ይቀበላታል። የቤት ሥራዋ ከአሥር አሥር ሆነ። ቀሚስ ሊለካ የመጣ ደንበኛ ሁሉ ደብተሯን ሳያይ አይወጣም ነበር፤ ጉራዬን አትጠይቁኝ። ከዚያ የግማሽ ዓመቱ ፈተና መጣ። ከሃያው ሦስት አመጣች። ልጄ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ሳላዛት ቁልፍ ልትተክል መርፌ አነሳች።

«ነግሬሽ ነበር እኮ፣ እማዬ» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ጋሼ ቆጣሪን ፍለጋ ወጣሁ። ሁለት መንገድ አልፌ አንድ የብረት በር ሥር ቁጢጥ ብለው አገኘኋቸው። የቆጣሪውን ክዳን ከፍተው መስታወቱን በጨርቅ እየወለወሉ ነበር።

«ምነው እህቴ፣ ውሃ ሄደባችሁ?»

«ውሃስ አልሄደም። እኔ ነኝ የሄድኩት ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ክራቫቱን፣ አሥሩን ከአሥር፣ ሦስቱን ከሃያ። ቁጥሩን መዝግበው ክዳኑን መለሱና እዚያው የድንጋዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«በዚያ ልጅ አትፍረጂበት» አሉኝ። «እኔም እንደሱ ነበርኩ። ታናሽ እህቴን ያስጠናኋት እኔ ነኝ። ስወዳት ለጉድ ነው፤ ስትጨነቅ ማየት አልችልም። እርሳሱን ከእጇ እቀበላታለሁ። የቤት ሥራዋ አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ፈተና ላይ ባዶ ወረቀት ሰጥታ ወጣች። ‹ምነው?› ብላት፣ ‹ወንድሜ፣ አንተ አልነበርክማ› አለችኝ። ትምህርቷም በዚያው ቀረ።» እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት። «እጄ ሌባ ነው፣ እህቴ። ካልተቀመጥኩበት ይሰርቃል።»

ከዚያ ወሬውን ወደ ሥራቸው መለሱት። «አየሽ፣ ቆጣሪ ብዙ ሲቆጥር ሰው ይቆጣል። እኔ ቆጣሪውን አልሰድበውም፤ ቧንቧውን ተከትዬ የሚያፈስበትን እፈልጋለሁ። ልጅሽ ጋም የሆነ ቦታ ያፈሳል። ልደርስበት ምንም አልቀረኝም ነበር። ደብተሩ አለ አይደል?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አለ… ግን ኪስ ሆኗል» አልኩ።

«ምን ሆኗል?»

«ኪስ። ኮሌታም ሆኗል።»

ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ፤ መጨረሻ ላይ ግን የእኔ ሳቅ ወደ ልቅሶ ሄደብኝ። «ግድ የለም» አሉኝ። «ከተቆረጠ ይገጣጠማል።»

በዚያኑ ቀን አሥር ተኩል ላይ መጡ። ልጄ ላጲሷን ከቦርሳዋ አወጣችና እጇን ዘረጋች። ጋሼ ተቀበሏትና ኪሳቸው ከተቱት።

የብስኩቱን ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት። መነጽራቸውን አድርገው ኮሌታውን ከኮሌታ፣ ኪሱን ከኪስ እየለዩ ደረደሩ። አንዱ ኮሌታ ላይ አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ ተደምረው ሁለት ሰባተኛ ሆነዋል። አንዱ ኪስ ላይ አንድ ስምንተኛ ከአንድ አምስተኛ በልጧል። ሌላው ኮሌታ ላይ ያለው ረጅም ሒሳብ ደግሞ ሁሉ ነገሩ ልክ ሆኖ ሄዶ ሄዶ፣ ክፍልፋይ ሲደርስ ተበላሽቷል። ጋሼ አንዱን አንስተው ሌላውን ያስቀምጣሉ። እኔ መኪናዬን እየረገጥኩ በጎን አያለሁ።

«ይሄ ሰማንያ ገጽ ስህተት አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ስህተት ነው፤ ሰማንያ ቦታ የተጻፈ።» ወደ ልጄ ዞሩ። «ክፍልፋይን ያስተማረሽ ማን ነው?»

«ማንም።»

«አራተኛ ክፍል ላይ ሁሉም ይማረዋል እኮ፣ ልጄ።»

«እኔ አልነበርኩም» አለች። «ሆስፒታል ነበርኩ። ከአባዬ ጋር።»

መኪናዬ ቆመ። እግሬ ነው የቆመው።

አባቷ የታመመ ጊዜ እሷን የምተውበት ዘመድ ስላልነበረኝ ይዣት ነበር የምሄደው። ሰባት ሳምንት። እኔ ውስጥ እሱን ሳስታምም እሷ ኮሪደሩ ላይ፣ ረጅሙ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ትውላለች። ደብተሯ ከእሷ ጋር ነበር። ከቀበርነው በኋላ ወደ ትምህርት ቤት ስትመለስ ልጆቹ ሌላ ምዕራፍ ላይ ነበሩ። ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም አልጠየቀችም። እኔ እናቷ፣ የጨርቅ ስንዝር የማይጠፋኝ ሴት፣ ሰባቱን ሳምንት ረስቼ ልጄ ለምን እንደማይገባት አራት ዓመት ሙሉ ግራ ሲገባኝ ኖርኩ። እሷ ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ ራሷን ደነዝ ስትል።

ጋሼ ቆጣሪ እጃቸው ላይ እንደተቀመጡ ወደ እሷ ጠጋ አሉ።

«ስሚኝ የኔ ልጅ። ደነዝ አይደለሽም። ቀሪ ነበርሽ። ቀሪ የሆነ ሰው የቀረበትን ይማራል፤ በቃ፤ ሌላ ጉድ የለውም።»

ልጄ አለቀሰች። አባቷ ሲሞት ያላየሁትን እንባ ያን ቀን አየሁት። ጋሼ አላባበሏትም፤ ጠበቋት። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አብሬ ጠበቅሁ።

ዓይኗን ስትጠርግ ከእኔ ጨርቅ ሁለት እኩል ቁራጭ አስቆረጧት። አንዱን እኩል አምስት ቦታ፣ ሌላውን እኩል ስምንት ቦታ ከፍላ እንድታጥፍ ነገሯት። አጠፈች። አንዷን እጥፋት ከአንዷ ጋር አስተያየች። ደጋግማ አስተያየች።

«ሲበዛ ያንሳል!» ብላ ጮኸች። «ብዙ ቦታ ሲከፈል አንዱ ያንሳል!»

«እንዴት አሰብሽው?» አሉ ጋሼ።

ልጄ በእንባዋ መሐል ሳቀች።

ከአራተኛ ክፍል ነው እንደገና የጀመሩት። አሥራ አራት ዓመቷ ሆኖ የአራተኛ ክፍል መጽሐፍ ስትይዝ ሰው እንዳያይባት ሽፋኑን በጨርቅ ሰፋሁላት። በሁለት ወር አምስተኛን፣ ስድስተኛን አልፈው የክፍል ጓደኞቿ ላይ ደረሱ። የዓመቱ መጨረሻ ውጤት ሲመጣ ሒሳብ ስልሳ አንድ ይላል። እኔ በሱቁ መሐል እልል ስል፣ እሷ የፈተና ወረቀቷን ይዛ ጥግ ላይ ተቀመጠች። «ቆይ እማዬ፣ ሠላሳ ዘጠኙ የት እንዳፈሰ ልየው» አለች።

ጋሼ ቆጣሪ አሁን ሌላ ቤት፣ ሌላ ልጅ ያስጠናሉ። ቆጣሪያችንን ሊያነቡ ሲመጡ ግን ሳይቀመጡ አይሄዱም።

ባለፈው ሳምንት የሕፃናት ቀሚስ ታዘዝኩ። ለአንዱ ቀሚስ ሁለት ሦስተኛ ሜትር ይበቃል፤ ያለኝ ጨርቅ አምስት ሜትር ነው። እኔ ትምህርት ያቆምኩት አምስተኛ ክፍል ላይ ስለሆነ እስከ ዛሬ በግምት ነው የምቆርጠው፤ አንዳንዴ ይተርፈኛል፣ አንዳንዴ ያንሰኛል። ልጄን ጠራኋትና «ስንት ይወጣዋል?» አልኳት።

መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ሁለት እጆቿን ከጭኖቿ ሥር ከተተች።

«አንቺስ ስንት መሰለሽ?»

«ንገሪኝና ልገላገል እንጂ! ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው!»

ዝም። ያቺ የማልወዳት ዝምታ ራሷ መጣች። እግሬ መሬቱን ደበደበ። ጨርቁን አየሁት፣ ሜትሩን አየሁት፣ ልጄን አየኋት፤ አልተነቃነቀችም። ከሁለት ሜትር ሦስት ቀሚስ ይወጣል፤ ይሄንን እጄ ያውቀዋል። ከአራት ሜትር ስድስት። አንድ ሜትር ቀረኝ፤ ከሱ አንድ ቀሚስ ወጥቶ ትንሽ ይተርፈዋል።

«ሰባት!» አልኩ፤ ከወንበሬ ተነሣሁ። «ሰባት ይወጣዋል!»

«እሺ እማዬ» አለች ልጄ፣ እጆቿ አሁንም ከጭኖቿ ሥር ናቸው፤ «እንዴት አሰብሽው?»