ግድግዳ ውስጥ የቀረው ስፖንጅ

የፋብሪካው በያጅ በራችንን ሲያንኳኳ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ቆቡን አውልቆ «እትዬ፣ እስቲ ይቀመጡ» አለኝ። ባለቤቴን የጋለ ዘይት ገድሎታል።

ባለቤቴ በሳሙና ፋብሪካ የቱቦ ውስጥ መርማሪ ነበር። ሰፊ ቱቦ ቀላል ነው ይል ነበር፤ ካሜራው በትናንሽ ጎማ ይሄድበታል። መከራው ከሁለት ጣት የማትሰፋዋ ቱቦ ናት። ካሜራውን በሽቦ ሲገፉት አንዱን መታጠፊያ እንደምንም ያልፍና ሁለተኛው ላይ ተጥመልምሎ ይቆማል። ስለዚህ መላ አበጀ። ክብ ስፖንጅ በክር አስሮ ቱቦዋ ውስጥ ይከትና በአየር ግፊት ይነዳዋል፤ ስፖንጁ በዚያኛው ጫፍ ሲወጣለት ካሜራውን በክሩ ይጎትታል። ስፖንጁን ከአሮጌ ፍራሽ የምቆርጥለት እኔ ነበርኩ። «ደሞዙ የሚገባው ለአንቺ ነበር፤ ተሳስተው ነው ለእኔ የሚከፍሉት» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

የመጨረሻው ስፖንጅ በግድግዳ ውስጥ በምታልፈው ቱቦ ገብቶ አልወጣም። መልሶ ሲስበው ክሩ ተበጠሰ። ግድግዳው ፈርሶ ቱቦዋ ሳትቆረጥ ዘይት እንዳይለቀቅ ሥራ አስኪያጁን ለመነው። ሰውየው ግን ለአንድ ስፖንጅ ብለን ፋብሪካ አንዘጋም፣ ዘይቱ ራሱ ገፍቶ ያወጣዋል አለው። ይህንን ባለቤቴ እራት ላይ ነገረኝ፤ ሳህኑን ሳይነካ። በማግስቱ ለቀቁት። የቱቦዋ መጋጠሚያ ፊቱ ላይ ፈነዳ።

ሥራ አስኪያጁ ሊያጽናናን መጣ። ቤቱ ሙሉ ሰው እያለ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ምን ይደረጋል፣ የገዛ ስፖንጁ ነው የጎዳው» አለ። አማቴ ቀና ብለው እጆቼን አዩ፤ ስፖንጁን በመቀስ ይቆርጡ የነበሩትን።

በሞተ ሰው ላይ ማላከክ እንዴት ይቀላል።

«ጌታዬ» አልኩት፣ «ስፖንጅ በጣት ሲጫኑት የሚሟሽሽ ነገር ነው። ታዲያ ቱቦዋን የዘጋ ሌላ ነገር ከሌለ እሱን ምን አቆመው? ቱቦዋን ያስቆርጡና እንየው።»

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አይቶ ተነሳ። በያጁም ከጥግ ተነስቶ ተከትሎት ወጣ። ልጆች አሉት፤ አልፈርድበትም።

ፋብሪካው አዲስ ቱቦ ከግድግዳው ውጭ ዘርግቶ ሳሙናውን ያመርታል። የአሮጌዋን ሁለቱንም ጫፍ ያው በያጅ እንዲደፍናቸው አደረጉ። አማቴ ሰላምታዬን ይመልሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አይጨምሩም። ሥራ አስኪያጁን ደጋግሜ ጠይቄያለሁ፤ ዘበኛው አሁን ከበር ይመልሰኛል። ግድግዳው አልፈረሰም፣ ቱቦዋም አልተቆረጠችም።