የጥፍር ፍተሻ

የሙዚየሙ ዘበኛ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ «በእጅ አይነካም!» ሲል የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሊወጣ ሳምንት ሲቀረው ግን አለቃው ስለ እጅግ ረቂቅ ቅንጣቶች የሚያስተምር፣ «ናኖ» የሚሉት አዲስ ጠረጴዛ ላይ አቆመችው።

«ጋሼ፣ እዚህ ሰው የሚማረው እየነካ ነው። ንኩ ይበሏቸው።»

ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ጨርቅ ውሃ ሲያፈሱበት አይርስም፤ ውሃው እንደ ጨሌ እየተንከባለለ ይወርዳል።

«ምስጢሩ የተቀባው ቅንጣት ነው» አለችው። «ከማነሱ የተነሳ ጥፍር ሥር ሚሊዮኑ ይገባል።»

ዘበኛው ሳይወድ በግዱ «ንኩ» ሲል ዋለ። እጅ በተዘረጋ ቁጥር «ተው!» የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ እየመጣ በሳል ይመልሰዋል።

ሙዚየሙ ሊዘጋ ሲል አለቃው መውጫው በር ላይ ረጅም ሰልፍ አየች። ትንሽ ትልቁ እጁን ዘርግቶ ቆሟል፤ ዘበኛው መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ የእያንዳንዱን ጥፍር ይፈትሻል።

«ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ጥፍር ሥር ሚሊዮን ይገባል ያልሽው አንቺ! ይኼን ሁሉ ዘመን አንዲት መርፌ ያልጠፋብኝን ሰውዬ፣ በመጨረሻው ሳምንት ልታዋርጂኝ ነው?»

ሰልፉ ሲያልቅ ሁለት እጁን ዘረጋላት።

«በይ የእኔንም ፈትሺ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው ዞር ባለ ቁጥር ስነካ ነው የዋልኩት።»