ጣቴ ዲላ፣ እኔ ጆሃንስበርግ

እኔና ባለቤቴ ምትኩ ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው አንድ ማመልከቻ ነው። እሱ ዲላ ከተማ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለችው የጽሕፈት ሱቃችን ውስጥ ነበር፤ እኔ ጆሃንስበርግ በተከራየኋት ክፍል አልጋ ጫፍ ላይ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። እሱ የባለጉዳዩን ነገር በስልክ ይነግረኛል፣ እኔ ከዚህ ሆኜ እዚያ ያለው ኮምፒውተር ላይ እጽፋለሁ። እንዲህ ስንሠራ ሁለት ዓመት ሊሞላን ነበር። ስለዚያ ቀን ለእናንተ፣ ለአገሬ ሰዎች፣ የነገርኳችሁ ውሸት ነው። እውነቱን ለመጻፍ ብዙ ወር ፈጅቶብኛል።

ከዲላ የወጣሁት በጠዋት አውቶቡስ ነው። እዚህ ልብስ የሚሸጠው ወንድሜ "ነይና አግዢኝ፣ ምትኩም ይከተልሻል" አለኝ። ምትኩ እናቱ ታመው ስለነበር ቀረ። አውቶቡሱ ይርጋጨፌ አካባቢ ሲደርስ የሱ ዘመዶች ከመንገዱ ዳር በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ሲያገላብጡ አየኋቸው። ሳልሰናበታቸው ነበር የምሄደው፤ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ከሞያሌ በኋላ ያደርኩባቸውን ቦታዎች ስም አላውቅም። የማስታውሰው ላፕቶፑን ጠቅልዬ ሆዴ ላይ ማሰሬን ነው። ነፍሰ ጡር መስያቸው በየመኪናው ጋቢና ያስቀምጡኝ ነበር፤ ልጅ ያልወለድኩት ሴትዮ "አይዞሽ፣ ስንት ወርሽ ነው?" ስባል ጣቴን እየቆጠርኩ እመልሳለሁ።

እዚህ ሰኔ ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ግን ዝናብ የለውም፤ ጭቃ የሌለው ሰኔ ሰኔ አይመስለኝም። ፓፕ የሚሉት ምግብ አላቸው። ገንፎ ነው፣ መሃሉ ላይ የቅቤ ጉድጓድ የሌለው ገንፎ።

ከሩቅ የመሥራቱን ዘዴ ያመጣው ምትኩ ነው። ሱቃችን ውስጥ እጄ ፈጣን የነበርኩት እኔ ነኝ፤ እሱ በአንድ ጣት ነው የሚለቅመው። አንድ ፕሮግራም ጫነና የሱቁ ስክሪን ላፕቶፔ ላይ ብቅ አለ። ማውሱ ግን አልሆነም። የዲላ ኔትወርክ ሲደክም ቀስቷ እስክትንቀሳቀስ ባለጉዳዩ ተነሥቶ ይሄዳል። ቁልፍ ግን ይደርሳል። ኮንትሮልና ኤስ ስጫን ጽሑፉ እዚያ ይቀመጣል፤ ኮንትሮልና ፒ፣ ከዚያ ኢንተር ስል፣ ዲላ ያለው ፕሪንተር ሲያጓራ በስልኩ እሰማለሁ። መጀመሪያ ላይ ግራ ይገባኝ ነበር። ዲላ ያለውን ልዝጋ ብዬ የራሴን እዘጋለሁ። ምትኩ "ስክሪኑን ሙሉ ካደረግሽው ጣትሽ ዲላ ነው፣ ካሳነስሽው እዚያው ነሽ" አለኝ። ከዚያ በኋላ አልተሳሳትኩም።

ከኢዲዶ መንደር የሚመጡ አባባ በራሶ የሚባሉ ደንበኛ ነበሩን፤ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠሩ ሽማግሌ ናቸው። ማንም ሳይነካው ስክሪኑ ላይ ፊደል ሲደረደር መጀመሪያ ያዩ ቀን፦

"ማነው የሚጽፈው?"

"ሚስቴ ናት አባባ።"

"የት ሆና?"

"ደቡብ አፍሪካ።"

"የኔዋ ጓዳ ሆና ስጠራት አትሰማም፣ ያንተዋ ከደቡብ አፍሪካ ትታዘዛለች!"

አከራዬ ግድግዳውን እስክትደበድብ ድረስ ሳቅኩ።

ባለጉዳይ አጠገቡ ሲኖር ምትኩ የግላችንን ነገር በስልክ አያወራም። ትንሽ ነጭ የማስታወሻ ገጽ ይከፍትና በአንድ ጣቱ ይጽፍልኛል። "ቁርስ በላሽ?" ይላል። "ሰውዬው ዛሬም ጫማውን አውልቋል" ይላል። ገጹ የምጽፈውን ስለሚሸፍንብኝ አንብቤ ኦልትና ኤፍ አራት ተጭኜ እዘጋዋለሁ። "ይቀመጥ ወይ?" ብሎ ሲጠይቅ ኤን፤ አይቀመጥ። ሳላስበው ጣቴ ራሱ ይሠራዋል።

እዚህ መብራት የሚጠፋው በፕሮግራም ነው። አከራዬ ሰዓቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋለች።

"በእናንተ አገር አይጠፋም?" አለችኝ አንድ ቀን።

"ይጠፋል፣ ግን ሳይነግረን።"

"እኛ ጨዋ ነን" አለች፣ "ነግረን ነው የምናጠፋው።"

የመጨረሻውን ማመልከቻ በሠራንበት ቀን መብራት የሚጠፋው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነበር፤ መብራቱ ሲሄድ ኢንተርኔቱም ይሄዳል። አባባ በራሶ የወሰን ክርክር ነበረባቸውና ማመልከቻው ያን ጠዋት ካልገባ ቀነ ገደቡ ያልፍባቸዋል። ስምንት ደቂቃ ሲቀረን ነጩ ገጽ መጣ። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ወጡ፦ "ሙሉዬ ከጠዋት ጀምሮ ደረቴን"

"አሁን ነው?" አልኩ ለራሴ። እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ። ኦልትና ኤፍ አራት። ኤን። ገጹ እንደገና ተከፈተ። "ቆይ" ይላል። እንደገና ዘጋሁት። ማመልከቻውን ጨርሼ ኮንትሮልና ፒ ስል ፕሪንተሩ አጓራ፣ ወዲያው መብራቱ ሄደ። ቀደምኩት ብዬ ደስ ብሎኝ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

መብራቱ ተመልሶ ስልኬን ስከፍት የምትኩ እህት ዘነበች ደጋግማ ደውላለች። ስደውልላት ነገረችኝ፤ ምትኩ አባባ በራሶን በር ድረስ ሸኝቶ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ወደቀ። ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ።

ለቀብር ልሂድ ብዬ የስደተኞች ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊው ፋይሌን ገልጦ፦

"ከአገሬ ሸሽቼ መጣሁ ብለሻል። አሁን ልመለስ ትያለሽ?"

"ባሌ ሞቶብኝ ነው። እሱን አልሸሸሁም።"

"ፎርሙ ላይ እንደዚያ የሚል ሳጥን የለም" አለኝ። "ከሄድሽ ፋይሉ ይዘጋል።"

መዝጋት ለኔ አዲስ አልነበረም። ፈርቼ ቀረሁ።

ያን ቀን ማታ ዘነበች በስልክ እያለቀሰች "እትዬ፣ መጨረሻ የነበረው ካንቺ ጋር ነው። ምን አለሽ?" አለችኝ። አፌ ቀደመኝ። "'ሙሉዬ በርቺ፣ ጌታ ያገናኘናል' ብሎ ጻፈልኝ" አልኳት። የቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ መቃብሩ ላይ ተናገሩት። እናንተም ከምትኩ ፎቶ ሥር ጽፋችሁ ላካችሁልኝ። ስታጽናኑኝ የምትልኩልኝ የራሴን ውሸት ነበር። ስልኩን ፊቱን ወደ ታች አድርጌ አስቀምጠው ነበር።

ሱቁን አሁን የያዘችው ዘነበች ናት። ባለፈው ሳምንት ደወልኩላት።

"ዘኒ፣ ምትኩ እንደዚያ አላለኝም።"

"አውቃለሁ።"

"ምኑን?"

"አባባ በራሶ በሠልስቱ ነገሩኝ። ስክሪኑ ፊት ተቀምጠው አልነበር? ሁለቴ ስትዘጊበት አይተዋል።"

"እሱስ ምን አለ?"

"ሳቀ አሉ። 'መብራት ሊጠፋባት ነው፣ አትፍረዱባት' አላቸው።"

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"ራስሽ እስክትነግሪኝ ነዋ! ተናድጄብሻለሁ እትዬ። አሁንም አልበረደልኝም።" ከኋላዋ የሞተር ሳይክል ድምፅ አለፈ። የዲላ መንገድ ነው፤ ጆሮዬን ስልኩ ላይ ተጫንኩ። ከዚያ "ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ሰው አለ። ትገቢያለሽ?" አለችኝ።

"እገባለሁ።"

አሁን ጠዋት ጠዋት ወንድሜ ሱቅ ከመሄዴ በፊት የዲላውን ኮምፒውተር እከፍታለሁ። ስክሪኑን ሙሉ አደርገዋለሁ። ነጩን ገጽ እከፍትና እጄን ከቁልፎቹ ላይ አንሥቼ እጠብቃለሁ። ዘነበች የምትጽፈው ካላት ትጽፋለች፤ ብዙ ጊዜ "ሰው መጥቷል" ብቻ ነው። እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ከዚያ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ገጹን የምትዘጋው እሷ ናት።