ቱምቢና የዕቃ ቤቱ በር

ስለ ዓይኔ ዋሽቼ አላውቅም፤ አጋንኜ ሊሆን ይችላል። ለቡ መብራት ኃይል ቆሜ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የተሰጣ ካልሲ ስንት ቦታ እንደተቀደደ እነግራችኋለሁ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። እንግዲህ የምሠራበት የአደን አስጎብኚ ድርጅት ባለቤት “ዓይንህ ደክሟል” ሲሉኝ ምን እንደተሰማኝ ገምቱት።

የአደን ወቅት ከመግባቱ በፊት እኛ መንገድ መሪዎቹ ከከተማ ወጥተን በተኩስ እንፈተናለን። መቶ ሜትር ላይ የተተከለውን ብረት አንዴም አልሳትኩት። አራት መቶ ሜትር ላይ ግን ጥይቶቼ በሙሉ፣ ተመካክረው ይመስል፣ በብረቱ በስተቀኝ አለፉ።

“ቅርቡን ያያል፣ ሩቁን አያይም። ይሄ ዕድሜ ነው” አሉ አለቃዬ። ከእንግዲህ ጫካ መውጣቴ ቀርቶ ዕቃ ቤት ተቀምጬ ድንኳንና ድስት እንድጠብቅ አሰቡ። ሃያ ዓመት ተራራ የወጣ እግር ድስት ሊጠብቅ!

“መነጽሩ ነው፣ ጋሼ” አልኩ። ጠመንጃው ላይ የተገጠመውን ማነጣጠሪያ ማለቴ ነው። “ይመርመርልኝ። ጤነኛ ከሆነ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይስጡኝ።”

መርማሪዋ በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊት ጠመንጃ ሲጠግኑ የኖሩ፣ አሁን ጀሞ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያላቸው እናት ናቸው። የሆነ ግዙፍ ማሽን ያስመጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ፌስታል አንጠልጥለው ድርጅቱ በር ላይ ከሚኒባስ ወረዱ። ከፌስታሉ የወጣው ሜትር፣ ካቻቪቴ፣ ውሃ ልክና ግንበኛ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚያይበት ቱምቢ ነው።

“እትዬ፣ መነጽር ሊያዩ ነው ወይስ ቤት ሊሠሩልን?”

“አንተ፣ አፍህን ትተህ እጅህን አምጣ።”

ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሦስት ጊዜ አዩ፤ በሦስተኛው እኔንም አሳዩኝ። የጠመንጃውን መዝጊያ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። ጠመንጃውን በጨርቅ ጠቅልለው በሞርሳ አሰሩና፣ የውሃ ልኩ አረፋ መሀል ላይ እስክትቆም ትንፋሻቸውን ይዘው አስተካከሉት። ከዚያ ሃምሳ ሜትር ለክተው፣ በግቢው ጫፍ ሴንቲሜትር የተሰመረበት ወረቀት ለጠፉ፤ ከፊቱም ቱምቢውን በረጅም ክር አንጠለጠሉ። ክሩን ንፋስ ሲያወዛውዘው ቆመው ጠበቁ። በዚያ ጊዜ ጎፋ ላይ አንድ ፎቅ ተሠርቶ፣ ተከራይቶ፣ ተከራዩም በወጣ ነበር። እሳቸው ግን ክሩ ጸጥ ሳይል መነጽሩን አልነኩም።

መነጽሩ ውስጥ መስቀል አለ። የላዩ መዘውር አንዴ ቀጭ ባለ ቁጥር፣ በዚያ ርቀት መስቀሉ ግማሽ ሴንቲ መንቀሳቀስ አለበት። አርባ ጊዜ አዞሩ።

“ሃያ ሴንቲ ወረደ።”

አርባ መለሱ። “ቦታው ገባ።” ደገሙት፤ ሠለሱት። “ይሄ መነጽር ቆጠራ አይሳሳትም” አሉ።

የአለቃዬ ኪስ ውስጥ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ሲንሿሿ ሰማሁት። እኔም ድስቶቹን በሐሳቤ መቁጠር ጀመርኩ።

እትዬ ግን ከመነጽሩ አልተነሱም። “ቆዩ። መውረዱንስ ወርዷል፤ በየት በኩል ነው የወረደው?”

ጠርተው አሳዩኝ። መስቀሉ ክሩን ይዞ መውረድ ሲገባው፣ ከጠጅ ቤት እንደወጣ ሰው ወደ ግራ እየሸሸ ሁለት ጣት ያህል ራቀ።

“መነጽሩም ዓይኑም ጤነኛ ናቸው” አሉ ለአለቃዬ። “አገጣጠሙ ነው የዘመመው። ቅርብ ላይ አይታወቅም፤ ለሩቅ መዘውሩ ሲዞር ነው ጥይቱን ወደ ቀኝ የሚወስደው። ማነው የገጠመው?”

ከእኛ ጋር ይሠራ የነበረ፣ አሁን ሌላ ከተማ የገባ አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ውሸቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሴትዮዋ ግን ያንን ክር እንደጠበቁት ጠበቁኝ።

“እኔ ነኝ” አልኩ።

“መስቀሉን በምን አቆምከው?”

“በዕቃ ቤቱ በር። ከመቃኑ ጋር ትክክል አድርጌ።”

ቱምቢውን አንስተው ወደ በሩ ሄዱ። ከላይ መቃኑን የነካው ክር፣ ከታች አንድ ስንዝር ርቆ ቆመ።

“በሩንስ ማን ሠራው?”

“እሱ ነዋ!” አሉ አለቃዬ። “አናጢ ምን ያደርግልዎታል ብሎኝ!”

እትዬ አልሳቁም። ቱምቢውን ወደ ቦታው መልሰው ካቻቪቴውን ለእኔ ሰጡኝ። “አንተው ግጠመው።” መስቀሉን ከክሩ ጋር አስተካክዬ ብሎኖቹን ከግራም ከቀኝም በጥቂት በጥቂቱ አጠበቅሁ፤ አንዱን ባጠበቅሁ ቁጥር አጎንብሰው ያያሉ። ከተወለድኩ ጀምሮ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳልናገር የቆየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ስንጨርስ አርባ ጊዜ አዞርኩ። መስቀሉ በክር ላይ እንዳለ ዶቃ ቁልቁል ወረደ።

“ከነገ ጀምሮ ዕቃ ቤት ነህ” አሉ አለቃዬ። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። “በሩን እስክታቃና። ቅዳሜ ደግሞ ትተኩሳለህ።”

እትዬ ሲሄዱ ቱምቢውን ትተውልኝ ሄዱ። “በሩ ሳይቃና እንዳትመልስልኝ።”

ቅዳሜ አራት መቶ ሜትር ላይ አምስት ተኩሼ አምስቱም ብረቱን አገኙት። ሰው ሲጠይቀኝ አሥር ነበሩ እላለሁ። እትዬ አጠገቤ ካሉ ግን አምስት።