ለፋሲካ የታጠበው መጋረጃ

አመለወርቅ ዲላ ውስጥ መጋረጃ ሰፊ ናት። ለሙሽራ ቤት ባለ ዘርፉን፣ ለፀጉር ቤት ደማቁን፣ አንዲት ክፍል ተከራይተው ለሚኖሩ ደግሞ አልጋን ከእንግዳ ዓይን የሚከልለውን ወፍራሙን ትሰፋለች። የራሷም ቤት በእንዲህ ያለው መጋረጃ ለሁለት የተከፈለ ነው። ከጀርባው ባሏ ተክለብርሃን ተኝቷል፤ በይርጋጨፌ መስመር ሚኒባስ ሲነዳ የኖረ ተረበኛ ሰው።

ሐዋሳ ለሕክምና የሄዱ ጊዜ ሐኪሙ እሷን ለብቻዋ ጠርቶ ተስፋ እንደሌለው ነግሯታል። ለእሱ ግን "ጨጓራ ነው" አለችው። ቢያንስ ፋሲካን ሳይጨነቅ ይዋል ብላ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

የሆሳዕና ዋዜማ ጠዋት ቤቱ በሽታ በሽታ ሸተታትና የመስኮቱንም የበሩንም መጋረጃ አውርዳ ጓሮ ዘፈዘፈችው። በሰፈሩ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚወርደው መጋረጃ ነው። ራሷ የሰፋችውን ከስንቱ ለቅሶ ቤት ራሷ አውርዳለች። የዚያን ጠዋት ግን ከሳሙናው ሌላ ምንም አልታሰባትም።

ፊት ለፊት የሚኖሩት እትዬ ጽጌማርያም የተራቆተውን መስኮት አዩ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እየሮጡ መጡ።

"ወይኔ ተክሌ! ወይኔ ወንድሜ!"

አመለወርቅ እጇ አረፋ እንደሆነ ከጓሮ ደረሰች። "ኧረ ዝም ይበሉ! አለ! አለ እኮ!"

"መጋረጃውስ?"

"ላጥበው ነው ያወረድኩት!"

እትዬ ጽጌማርያም አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ከአልጋው መጋረጃ ጀርባ ቀጭን ድምፅ መጣ።

"እትዬ ጽጌ፣ ድምፅዎ አሁንም አልደከመም።"

"ክፉ አይንካህ! እኔ እኮ… ሌላ ቤት መስሎኝ ነው።"

"የዚያኛውም ቤት ሰው ተክሌ ነው የሚባለው?"

እትዬ ጽጌማርያም ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡ።

አመለወርቅ የአልጋውን መጋረጃ ገለጠች። ባሏ አልተቆጣም።

"አመለ፣ ጨጓራ ነው ያልሽኝ?"

አዎ ልትለው ፈለገች። ግን አረፋ የያዘ እጇን በቀሚሷ መጥረግ ያዘች።

"ሰፈሩ ሁሉ ከእኔ ቀድሞ አውቋል በይኛ" አለ ቀስ ብሎ።

ጓሮ ሄዳ መጋረጃውን በቅጡ ሳትጨምቀው አመጣችና መስኮቱ ላይ ሰቀለችው።

"እርጥብ እኮ ነው።"

"እዚሁ ይደርቃል።"

ውሃው ወለሉ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ሳፋ ልታቀርብ ስትነሳ እጇን ያዛት።

"ተይው" አላት።